ያልተነሣው ነጭ ፎቶ

ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ በሊፍት ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ይመስለዋል። እሱ ግን ዕድሜውን የፈጀው ደረጃ ሲወጣ ነው። «እኔ የምጠራው ሊፍቱ ሲቆም ነው፤ ሲሠራማ ማን ያስታውሰኛል?» ይል ነበር። ጉልበቱ የታመመውም በዚሁ ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው ስለሚያንጠለጥል ሸሚዞቹ ሁሉ በቀኝ በኩል ቀድመው ይሳሱ ነበር። እኔ የምሰፋው መጋረጃ ቤት ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ አጥቼ ስለማላውቅ ከውስጥ እየደረብኩ እጥፍለት ነበር። አሁን አንዱን ሸሚዝ እኔ እለብሰዋለሁ። ለቤት ሥራ ይመቻል።

የሞተው በሥራ ቀን ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ የቆመ ሊፍት ጠግኖ፣ ወጥቶ ወርዶ ፈትሾ፣ እጁን ታጥቦ የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዘበኛው ውሃ ሊያመጣለት ሄዶ ሲመለስ አልቆ አገኘው። ልብ ነው አሉ። ዘበኛው ሊያጽናናኝ ቤት ድረስ መጣና፣ «ሊፍቱ እስካሁን ደህና ነው» አለኝ። ሌላ የሚለው ቢያጣ ነው። እኔም «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አልኩት።

ሊፍቱ መተዳደሪያው ነበር። ከሥራ የተረፈችውን ጊዜ ግን ለሰማይ ነበር የሚሰጠው።

የሊፍት ሞተር የሚቀመጠው ጣሪያ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የራሳችንን ሕንፃ ሞተር ሲፈታታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ልጠብቅ ብሎ ወደ ውጪ ወጣ፤ ቀና አለ። ራቱ ቀዘቀዘ፤ መብራቱም መጣ፤ እሱ አልወረደም። በመጨረሻ ሲገባ፣ «እላያችን ላይ ያለው ነገር ብዙ ነው» አለኝ።

«ያፈስሳል እንዴ?» አልኩት። እኔ ያሰብኩት ጣሪያውን ነው።

ከዚያ በኋላ አሮጌ ቴሌስኮፕ ገዛ። እንደ ልጅ ዓይኑን ደቅኖ ሊያይበት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከኋላው ካሜራ ገጠመበት። የሚፈልጋቸው ነገሮች በዓይን የማይታዩ ናቸው፤ በከዋክብት መካከል የተዘረጉ የጋዝና የአቧራ ጉሞች፣ ከኛ ርቀው የሚኖሩ ጋላክሲዎች። አንድ ፎቶ ለማንሳት ካሜራው አፉን ከፍቶ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ ሰማዩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምለትም፣ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር ቀስ እያለ የሚያዞር ሞተር አለው። እንዲያም ሆኖ የሚወጣው ፎቶ ጥቁር ነው። የመጀመሪያውን ሲያሳየኝ፣ «ክዳኑን ሳታነሳ ነው እንዴ ያነሣኸው?» አልኩት። ሳቀ። አንዱ ብቻውን ምንም አያሳይም፣ ብዙዎቹ ሲደራረቡ ነው አለኝ። ይህን እኔ ቶሎ ገባኝ። ጨርቅ ቀለም ሲነከር አንዴ ቢነከር አይይዝም፤ ደጋግመህ ነው።

የሌላው ሴት ባል መጠጥ ይጀምራል፣ ወይ ካርታ። የኔው ጣሪያ ላይ መውጣት ጀመረ። የት እንዳለ ስለማውቅ አልከፋኝም። ለላፕቶፑ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ድንኳን ሰፋሁለት፤ ለቴሌስኮፑ ደግሞ የዝናብ ልብስ። መጋረጃ ቤት ያሉ ጓደኞቼ ልኩን ሲያዩ፣ «ይኼ ለየትኛው ወፍራም ሰውዬ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

የሥራው ግማሽ ፎቶ ማንሳት፣ ግማሹ ብልሽት ፍለጋ ነበር። ያ ደግሞ ሙያው ነው፤ ደስ እያለው ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ታዲያ ከዋክብቱ መንታ ሆኑበት። ክብ መሆን ያለበት ኮከብ ሁሉ ጎኑ ላይ ሌላ ትንሽ ኮከብ ይለጠፍበታል። አንዱ ፎቶ ላይ ይታያል፣ የሚቀጥለው ላይ የለም። «ቀበቶው ላልቷል» ብሎ የሞተሩን ቀበቶ ለወጠ። «ገመዱን ነፋስ እያወዛወዘው ነው» ብሎ ገመዱን ሁሉ አንድ ላይ አሰረ። የማቆሚያውን እግሮች ፈትቶ ገጠመ። ብሎን አጠበቀ፣ አላላ። ከዋክብቱ መንታ እንደሆኑ ቀሩ።

ያን ሰሞን አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ወጣሁና ሞተሩ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ሰው ሊፍት ጠራ። ሞተሩ ሲነሳ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ተርገበገበ።

«አንተ፣ ይኼ ሊፍትህ ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል እኮ» አልኩት።

«የኔ ሊፍት አይንቀጠቀጥም።»

«ሻዩን እየው።»

«የኔ ሊፍት ነው እምልሽ። በዚህ ከተማ እንደሱ የተያዘ ሊፍት የለም።»

ያን ቀን አኩርፎኝ አመሸ። በማግስቱ ግን አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ከሥራ የምትገባበትን ሰዓት ጠየቃት። የሷ መግቢያና አንዱ መንታ ኮከብ በደቂቃ ገጠሙ። የሰውን ሊፍት ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው የራሱን አልጠረጠረም ነበር። መጀመሪያ ጎረቤቱን ለመነ፤ ከራት በኋላ እባካችሁ በደረጃ ውጡ አለ። ነርሷ፣ «ኮከብህ መንታ ከሚሆን የኔ እግር ይበጥ?» አለችው። ከኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ፣ «ሊፍት ጠጋኝ ጎረቤት ይስጥህ ብለው ሲመርቁኝ፣ ደረጃ እንደሚያስወጣኝ አልነገሩኝም» አሉ። በኋላ የሊፍቱን ሞተር አንስቶ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አነጠፈበት። ከዋክብቱ ክብ ሆኑ። ጎረቤቶቹም ሊፍቱ ጸጥ አለልን ብለው አመሰገኑት። እሱ ምስጋናውን ሲቀበል ዓይኑ ወደኔ አይመጣም ነበር።

አሁን ስለ ነጩ ፎቶ ልናገር፤ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው በሱ ነውና።

ብርሃን ወደ ካሜራው በሚገባበት መንገድ ላይ መስታወቶች አሉ። እነዚያ ላይ ዓይን የማያየው ብናኝ ካረፈ፣ ፎቶው ላይ የጥላ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ለካሜራው በጣም የቀረበ ብናኝ ትንሽና ጉልህ ቀለበት፣ ራቅ ያለው ደግሞ ሰፊና ፈዛዛ ቀለበት ይሠራል። ባለቤቴ አንድ ሥራ ሲጨርስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ የቴሌስኮፑን አፍ እኔ በሰፋሁለት ነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ባዶውን ብርሃን ያነሳል። ነጩ ፎቶ የምንለው ይህን ነው። ነጩ ፎቶ ላይ ከቀለበቶቹ በቀር ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያይና ቀለበቶቹን ከሰማዩ ላይ ያነሳቸዋል።

ነገር ግን ከሰማዩ ፎቶ እስከ ነጩ ፎቶ ድረስ ካሜራው መነቀል የለበትም። መጠረግም የለበትም። እኔ ደግሞ ጨርቅ በእጄ ከያዝኩ የማልጠርገው ነገር የለም።

«ለምን ቀድመህ አቧራውን አትጠርገውም?» አልኩት አንዴ።

«ብጠርገው ሌላ ይመጣል። አቧራ አያልቅም እመቤት፤ የት እንዳለ ማወቅ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዕቃውን በሩቁ ነው የማልፈው።

የመጨረሻ ሥራው ድሮ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነበር። ገና ሳያልቅ አሳይቶኛል። ጫፉ የተተረተረ ስስ መጋረጃ ይመስላል፤ አንዱ ጎን ቀላ ያለ፣ ሌላው አረንጓዴ። «ይኼ ያንቺ ነው፣ መጋረጃ ሰፊ» አለኝ። መኝታ ቤታችን መስኮት አጠገብ ያለውን ግድግዳ በሜትሬ ለካሁለት። ሰማዩን አንስቶ ጨርሶ ነበር። የቀረው ነጩ ፎቶ ነው። በማግስቱ፣ ከሥራ ስመለስ አነሳዋለሁ ብሎ፣ ጨርቁ ታጥቦ እንዲደርስለት ነግሮኝ ወጣ። ጨርቁ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ነው ስልክ የተደወለው።

ያን ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ቤቱ በሰው ሲሞላ የባለቤቴ ታላቅ እህት ወደ ጣሪያው ወጣች። እትዬ ነው የምላት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች፤ የታጠበ ነገር ካልሆነ በእጇ አትነካም። እኔ የሰፋሁትን የዝናብ ልብስ አላመነችውም። ጎረቤቶች ጠርታ ቴሌስኮፑን አስወረደች። ከነካሜራው በበሩ አልገባ ሲል ካሜራውን ነቅላ በፎጣ ጠቀለለችው። ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ ወለወለችውና ትንሿ ክፍል ውስጥ አቆመችው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ማን ምን እንደሠራ አላየሁም። ፊት ለፊቴ ያለውን የሶፋ ስፌት ነበር የማየው፤ አንዱ ጥልፍ ዘሏል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደመና መጣ። ደመና ቅጽል ስሙ ነው። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ እሱም እንደ ባለቤቴ ሰማይ ያነሳል፤ ግን ዕቃውን ባወጣ ቁጥር ሰማዩ ይዘጋል። ባለቤቴ፣ «ድርቅ ወዳለበት አገር ልከን እናከራይህ» ይለው ነበር። ተማሪ አጠገቡ ባይኖርም ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን ፍለጋ። የባለቤቴ ካሜራ እርጥበት ገብቶት ስለነበር ያን መጋረጃ የመሰለውን ኮከብ ያነሣው በደመና ካሜራ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ካሜራው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዕቃው የት እንዳለ አሳየሁት። እትዬ ወጥ ቤት ነበረች። ደመና በሩ ላይ ቆመ። ቱቦው እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። ወደ ኋላው ዞሮ ጎንበስ ብሎ አየ። ካሜራው መደርደሪያ ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አልነካውም።

«ማን ነው ያወረደው?» አለ በቀስታ።

«እትዬ።»

«ነጩን ፎቶ አንስቶት ነበር?»

«አላነሣም።»

እግሩ ወለሉን ረገጠ። ተመልሰን ሳሎን ከተቀመጥን በኋላ ነው የነገረኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልነግርዎት ብሄድ ደግ አይደለም። ካሜራው ከተነቀለና ከተጠረገ ነጭ ፎቶ ዋጋ የለውም። አሁን ብናነሳው የሚያሳየን ሌላ አቧራ ነው። የድሮው ቀለበት ፎቶው ላይ እንዳለ ይቀራል። እንደ ጉንፋን የሚያልፍ አይደለም።»

«ስንት ቀለበት ነው?»

«ሞልቶታል። የኔ ካሜራ ንጹህ አልነበረም።»

«ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት።

እንባ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልመጣም። ብርጭቆውን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ እትዬ ከድስቱ ቀና ብላ፣ «ምን አለ ሰውየው?» አለችኝ።

«ሰላም ብሎሻል።»

«ፎቶው መቼ ይደርሳል አለ?»

«ጊዜ ይፈልጋል አለ።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ በመጣች ቁጥር ትጠይቀኛለች። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰመርኩትን ልክ ታያለች፣ «ጊዜ ይፈልጋል» እላታለሁ፣ ትቀመጣለች። ምን ብዬ ልንገራት? ወንድሟ የሞተባት ሴት፣ እሱ የወደደውን ዕቃ ዝናብ እንዳይነካው ብላ ጎረቤት ጠርታ አስወርዳ፣ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ትባላለች? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም። ምላሴን ዋጥኩ። ሥራ እሄዳለሁ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ጥርስ ለመንቀል መርፌ የተወጋ አፍ ደህና እንደሆነው ያህል ደህና ነበርኩ። ፎቶው እንደማይወጣ ካወቅሁ በኋላ ግን ግድግዳው አጠገብ ሳልፍ አንገቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

እንዲህ ከርመን ደመና ደወለ። የማስተማሪያ ድርጅቱ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ እሱን ወደዚያ እየላከው ነው። ሊሰናበተኝ እንደሚመጣ ነገረኝ። አሁንም ስለ ካሜራው አላነሳም። «ካሜራህንም ትወስዳለህ» አልኩት። «ካልከበደዎት» አለ።

የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬም ነበረች፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የፎጣ ጠርዝ ትጠቀልላለች። የተጠቀለለውን ካሜራ ከመደርደሪያው አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እሱ እንዳለ አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ሊከት ሲል እትዬ ቀና አለች።

«ፍታውና እየው እንጂ። ጎድሎ ቢሆን በኋላ ከሐዘን ቤት ጎደለብኝ ልትል ነው?»

«ኧረ በፍጹም እትዬ፣ ምን ይጎድላል?»

«ፍታው እልሃለሁ። የሰው ዕቃ እንዲህ አይደለም የሚወሰድ።»

ፈታው። ፎጣው ሁለት ነው፣ ከውስጡ ደግሞ አፉ የታሰረ ፕላስቲክ ከረጢት አለ። ከረጢቱን ሲከፍት እጁ ቆመ። እግሩ ወለሉን ረገጠ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። እትዬ ወደ እግሩ አየች።

«ምን ሆነ? አይጥ ነው?»

ደመና ወደኔ ዞረ። ሊናገር ይፈልጋል፤ እሷ ፊት መናገር ደግሞ አይፈልግም። ካሜራውን ወደኔ ገልብጦ አሳየኝ። ከካሜራው ፊት ፊልተር የሚሏቸው ቀይና አረንጓዴ መስታወቶች የሚቀመጡባት ቀጭን መሳቢያ አለች። ከካሜራው ጋር እንደተገጠመች ናት።

«እኛ ካሜራ ስንነቅል ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምንፈታው» አለኝ በጣቱ እያሳየ፤ ከካሜራውና ከመሳቢያዋ መካከል። «ይኼ ግን ከወዲያ ነው የተፈታው። ተያይዞ ነው የወጣው።»

«እና?» አልኩት።

«እና ምናልባት...» እትዬን አየ፤ ወለሉን አየ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱ ደግሞ አይጠይቅም። እኔ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ዕቃውን ስታወርጂ ምን ምኑን ነው የጠረግሽው?»

ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ምን አጠፋሁ?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ምን አጠፋሁ አልኩሽ እኮ።»

ነገርኳት። ስለ አቧራው፣ ስለ ቀለበቶቹ፣ ካሜራው ሳይነቀል መነሳት ስለነበረበት ነጭ ፎቶ። ስናገር ድምፄ የመጋረጃ ልክ ለደንበኛ እንደምናገረው ነበር። ደመና በሩን እያየ ነበር። እትዬ ሰምታ ጨረሰችና ወደኔ ዞረች።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ስመጣ ስሄድ ፎቶው መቼ ይደርሳል ስልሽ?»

«አዎ።»

«እኔን ደግሞ አላዋቂ ብለሽ አዘንሽልኝ።» ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች። «አንቺ ልጅ፣ እኔ የቀዶ ጥገና ልብስ ሳጥፍ ነው ያረጀሁት። የማላውቀውን ዕቃ ከፍቼ ውስጡን አልጎረጉርም። ይኼ ወንድሜ አንድ ቀን ጣቴን ወደ ካሜራ ስሰድ እጄን መትቶኛል። እኔን፣ ያሳደግሁትን! ስለዚህ ወፍራሙ ቀለበት የቱ ነው ብዬ እሱን አዞርኩ፤ ቶሎ እሺ አለኝ። አፉ ላይ ወዲያው ከረጢት አሰርኩበት። ትንፋሼንም አላስነካሁት።»

«መስታወቱን አልጠረጉም?» አለ ደመና።

«የካሜራውን? አልነካሁም። ቱቦውን ጠርጌያለሁ። የፊተኛውን መስታወት ጠርጌያለሁ። ከኋላም፣ ካሜራው ሲወጣ ብቅ ያለችውን መስታወት በነጠላዬ ጫፍ ዳበስ አድርጌያታለሁ።»

ደመና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የፊተኛው ምንም አይደለም፤ እዚያ ያለ አቧራ አይታይም። የኋላዋ ላይ የነበረው ጠፍቷል፤ እሱ የሚሠራቸው ትልልቆቹን ፈዛዛ ቀለበቶች ነው፣ እነሱ አይነሱም። ትንንሾቹ ግን፣ ፎቶውን የሞሉት ግን፣ እዚህ ውስጥ ናቸው። ካልተነካ እዚሁ ናቸው።» ከረጢቱን መልሶ ሸፈነው። «ያን ቀን መጥቼ ፎጣውን ብፈታ ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር።»

«ለምን አልፈታህም?» አለችው እትዬ።

«ካሜራዬን ልወስድ የመጣሁ እንዳይመስልብኝ።»

እትዬ ወደሱ አየች፣ ወደኔ አየች። «ሁለታችሁም ጨዋ ናችሁ» አለች። «በጨዋነታችሁ ፎቶዬን ልትቀብሩት ነበር።»

ቴሌስኮፑን ወደ ሰገነቱ አወጣነው። ደመና ካሜራውን በወፍራሙ ቀለበት መልሶ ገጠመ። ባለቤቴ ምስሉን የሚያጠራውን ፎከስ እንዳይላወስ በቴፕ አስሮት ስለነበር የካሜራው ርቀት አልተነካም። ነጩን ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣሁ። ከቱቦው አፍ ላይ እኔ በአንድ በኩል፣ እትዬ በሌላ በኩል ወጠርነው። ጎን እንዳይጨማደድ እሷ ሆስፒታል እንዳስተማሯት ጠርዙን በአውራ ጣቷ አጥፋ ያዘች። ጀምበሯ ከማዶ ካለው ሕንፃ ጀርባ ገብታ ሰማዩ ቀለሙ አንድ ዓይነት ሆነ። ካሜራው ቀጭ እያለ ያነሳ ጀመር።

«እስከ መቼ ነው የምንይዘው?» አለች እትዬ።

«ይበቃል እስክላችሁ።»

«ሾፌር አስተማሪ፣ ሰማይህ ይዘጋብሃል ይሉሃል፤ ዛሬ እንዳታስዘጋብን።»

«ለነጩ ፎቶ ደመና አይከፋም እትዬ። እንዲያውም ይረዳል።»

«እንግዲያማ ሙያህ ይኼ ነበር።»

ሳቀ። እኔ ክንዴ ዝሎ ስለነበር ክንዴን ነበር የማስበው።

ከዚያ ሳሎን ገብተን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ደመና መጀመሪያ የባለቤቴን ፎቶ ከፈተ፤ መጋረጃው አለ፣ ላዩ ላይ ግን ዝናብ የጀመረው ኩሬ ይመስል ቀለበት በቀለበት ነው። ነጩን ፎቶ ከፈተ፤ ቀለበቶቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። አንዱን በጣቱ ነክቶ አሳየኝ፣ ከዚያ በሌላው ላይ ያንኑ ቦታ ነካ። ኮምፒውተሩን አዘዘና ጠበቅን። እትዬ በዚህ መሀል ተነሥታ ጨርቁን አጠፈች።

ፎቶው ሲወጣ ትንንሾቹ ቀለበቶች አልነበሩም። መጋረጃው ከነክሩ፣ ከተተረተረው ጫፉ ጋር፣ ንጹህ ጥቁር ላይ ተዘርግቷል። አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ሦስት ሰፋፊ ክቦች ቀሩ፤ የእርጥብ ብርጭቆ ምልክት የሚያህሉ፣ ፈዛዛ።

እትዬ መነጽሯን አደረገች። «እነዚህስ?»

«የኋላዋ መስታወት ናት» አልኳት።

«የኔዎቹ ናቸዋ።»

«አዎ እትዬ።»

ደመና ጉሮሮውን ጠረገ። «በእጅ ቀለም ቀብቼ ላጠፋቸው እችላለሁ። አይታወቅም።»

ባለቤቴ በእጅ የተቀባ ፎቶ አይወድም ነበር። ካላነሣሁት አልስለውም ይል ነበር። ይህን ለደመና መንገር አላስፈለገኝም፤ ያውቃል። የጠየቀው ለእትዬ ብሎ ነው። እኔም መልሱን ለሷ ተውኩት።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይቅሩ» አለች። «ልብስ ላይ እንኳ የማይለቅ ነገር ሲኖር ትተነው ነው የምናጥፍ። ሰው ሲፈገፍግ ነው ጨርቁን የሚቀደው።»

ደመና ካሜራውን ነቀለ፤ አሁን በለመደው ቦታ። በእትዬ ፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ እትዬ ፎጣውን ይዘህ ሂድ ብላዋለች። ፎቶውን ትልቅ አድርጎ አሳትሞ ከመሄዱ በፊት ላከልን። ክፈፉን ያሠራሁት መጋረጃ ቤቱ አጠገብ ካለው አናጢ ዘንድ ነው።

የምንሰቅል ቀን እትዬ ምስማሩን ይዛ እኔ ክፈፉን ይዤ ቆምን።

«ላይና ታቹ የቱ ነው?» አለችኝ።

ለደመና ደወልኩ። «ሰማይ ላይ ላይና ታች የለም» አለ።

«ግድግዳ ላይ ግን አለ በይው» አለች እትዬ።

ዘጋሁት። ክፈፉን በአራቱም ጎን አዟዟርኩት። በየትኛውም ጎን መጋረጃ ይመስላል። በመጨረሻ ሦስቱን ክቦች ወደ ታች፣ በግራ ማዕዘን አድርጌ ያዝኩት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን የሚደርስበት ነው። እትዬ ምስማሩን መታች። ክፈፉ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘምሞ ነበር፤ አቃናችው፣ ወደ ኋላ ብላ አየችው፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ልትጠርግ እጇን ዘረጋችና ተወችው።

«ጥረጊው» አልኳት። «አሁን ምንም አይሆንም።»

ጠረገችው።